ድምፅን በጥቂት ወጪ ወደ ብዙ ጆሮ ስለ ማድረስ

ሰው ከብራናና ከቀለም አስቀድሞ የተማረው በጆሮው ነው። በኢትዮጵያ ነጋሪት በገበያ መካከል ሲጐሰም ፊደል ያልቈጠረውም ሰው ቆሞ አዋጁን ይሰማ ነበር። በዜማ ቤትና በቅኔ ቤትም ተማሪው ከመምህሩ አፍ የሰማውን እየደጋገመ በቃሉ ይይዛል፤ መጽሐፍ ጥቂት፥ ተማሪ ብዙ በነበረበት ዘመን ዕውቀት ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው በዚህ ዐይነት ነው። ነገር ግን የሰው ድምፅ በራሱ ብዙ ርቀት የማይሄድ ስለ ሆነ፥ ከአደባባዩ አልፎ ወደ ሩቅ አገር እንዲደርስ ሲፈለግ ወጪ ይጠይቃል። ወጪውን ማን እንደሚከፍለው፥ በምን ላይ ሊቀነስ እንደሚችል፥ በምንስ ላይ ሊቀነስ እንደማይገባው አስቀድሞ ያላሰበ ሰው የጀመረውን ሥራ ከመንገድ ጥሎት ይቀራል።

ኢትዮጵያ ይህን ወጪ ከራዲዮ ዘመን ጀምራ ታውቀዋለች። በ1927 ዓ.ም. የአቃቂው የራዲዮ ጣቢያ ሲከፈት ድምፅን ወደ ሩቅ ማስተላለፍ የመንግሥት ሥራ እንጂ የአንድ ሰው ሥራ ሊሆን የሚችል አልነበረም፤ ምሰሶው፥ የኤሌክትሪኩ ኃይልና መሐንዲሱ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነበርና። በየካቲት ወር 1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማሰማት የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮም፥ በ1969 ዓ.ም. ወደ መንግሥት እስኪዛወር ድረስ፥ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ኃይል ባላቸው ሁለት ማሠራጫዎች ይሠራ ነበር። ይህን የሚያህል መሣሪያ ለማቆምና ለማንቀሳቀስ የተቻለው በብዙ አገር ያሉ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት በማኅበር ተባብረው ወጪውን ስለ ቻሉት ነው።

በዚህ ዘመን ግን ምሰሶና ማሠራጫ የማይፈልግ ሌላ መንገድ ተገኝቷል፤ ይኸውም ፖድካስት የሚባለው ነው። ስሙ መጀመሪያ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004 በአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ሲሆን፥ ‹አይፖድ› ከሚባለው የኪስ ማጫወቻና ‹ብሮድካስት› ከሚለው፥ ማሠራጨት ማለት ከሆነው፥ ቃል የተዋሐደ ነው። በተከታዩ ዓመት አፕል የተባለው ኩባንያ በሙዚቃ ማጫወቻው ውስጥ ቦታ ስለ ሰጠው ነገሩ በዓለም ሁሉ ታወቀ። ፖድካስት በክፍል በክፍል ተቀድቶ የሚታደል ንግግር ነው። ራዲዮ የተናገረውን በሰዓቱ ያልሰማ ሰው ያመልጠዋል፤ ፖድካስት ግን ተቀምጦ ይቈያል፤ ሰሚው ሥራውን ሲጨርስ ይከፍተዋል፥ ያልገባውን ይደግመዋል፥ ለባልንጀራውም ያካፍለዋል።

ዛሬ በአዲስ አበባና በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በዚህ መንገድ ብዙ ጭውውት ያሰማሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ የተዋበ አዳራሽ፥ ሦስት ካሜራ፥ ብሩህ መብራትና ውድ ማይክሮፎን አላቸው። አቅም ላለው ሰው ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው በወረዳ ያለ መሥሪያ ቤት፥ ወይም ትምህርት ቤት፥ ወይም ደብር እነርሱን አይቶ፥ መሣሪያው ካልተሟላ ሥራው አይጀመርም ያለ እንደ ሆነ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከሁለት ነገር አንዱ ይደርስበታል፤ ወይ በጀት ሲጠብቅ ዓመቱ ያልፋል፥ ወይም ያለውን ገንዘብ ሁሉ በዕቃ ላይ ያወጣና አራት አምስት ክፍል ካሰማ በኋላ መቀጠያ ያጣል። ሰሚው ግን የተቋረጠውን ነገር የሚያስታውሰው በመሣሪያው ውበት ሳይሆን ባለመታመኑ ነው።

ነገሩን በግልጥ ለመረዳት አብርሃ ጅራን መመልከት ይበቃል። አብርሃ ጅራ በምዕራብ ጎንደር ዞን የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከመተማና ከቋራ ጋር በሱዳን ድንበር አጠገብ ከተዘረጋው የቆላ አገር ትቈጠራለች። የአገሩ ሀብት ሰሊጥ፥ ጥጥና ማሽላ ነው። ከዚህ አገር የሚወጣው ሰሊጥ በ2000 ዓ.ም. በተከፈተው በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል እየተሸጠ ወደ ውጭ ይላካል። ሰሊጥ የደረሰ ጊዜ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ከቋቱ ይረግፋልና፥ በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋውና ከወይና ደጋው፥ ከጎጃም፥ ከወሎ፥ ከደቡብ ጎንደርና ከሌላም አገር በመቶ ሺህ የሚቈጠር የቀን ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከእነርሱም ብዙዎቹ ከዋልካው መሬት ላይ፥ ከግራር ዛፍ ሥር፥ ያለ አጐበር ያድራሉ።

በዚያ ዋልካ መሬት ስንጥቅ ውስጥ የአሸዋ ዝንብ የምትባል እጅግ ትንሽ ነካሽ ትኖራለች፤ በማታና በሌሊት ትወጣለች፤ እርስዋም ካላዛር የሚባለውን በሽታ ከሰው ወደ ሰው ታስተላልፋለች። ምልክቱ ከሁለት ሳምንት የሚበልጥ ትኵሳት፥ የጣፊያ ማበጥ፥ የሰውነት መክሳትና የደም ማነስ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጠው ካልታከሙት 100 ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ፤ ነገር ግን ቶሎ ለደረሰ ሰው መድኀኒት አለው። በዚያው በምዕራብ አርማጭሆ በአብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር ለብዙ ዓመታት ይህን በሽታ ሲያክም ቈይቷል፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ለዚሁ በሽታ የምርምርና የሕክምና ማዕከል ተቋቁሟል። እንግዲህ ሰውን የሚገድለው የመድኀኒት መታጣት ብቻ አይደለም፤ የቃል መታጣትም ነው።

ይህንንም ከሁሉ ይልቅ ከባድ የሚያደርገው፥ በሽታው ዝንቧ በነከሰች ቀን አለመታየቱ ነው። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ተሰውሮ ይቈያል። በጥቅምት ወር አጨዳ ላይ የተነከሰ ሰው ደመወዙን ተቀብሎ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በጥር ወይም በመጋቢት ይታመማል። በአገሩ ያለው ሰው ደግሞ ካላዛርን አያውቅምና፥ ወባ ነው ብሎ የወባ መድኀኒት ይሰጠዋል። በሊቦ ከምከምና በፎገራ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። በዚያ አገር በመጀመሪያ የወባ መድኀኒት አልሠራ ያለ መስሎ የታየው ሞት፥ በ1997 ዓ.ም. ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ በሽታውንም ከቆላው ሥራ የተመለሱ ሰዎች እንዳመጡት ታመነ። እስከ 1999 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ 2,450 አዲስ ሕሙማንና 120 ሞት ተመዘገበ።

በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ከጤና ጣቢያው በር ይቀራል። በእርሻው ካምፕ አንድ ቀን በድምፅ ማጉያ የተነገረም ምክር በዚያው ቀን ያልፋል። ለዚህ ሠራተኛ የሚያስፈልገው፥ ወደ አገሩ ሲመለስ አብሮት የሚሄድና ትኵሳቱ በመጣ ቀን ከኪሱ አውጥቶ ሊሰማው የሚችል ቃል ነው። ፖድካስት ለከተማ ሰው መዝናኛ ቢሆን፥ ለአብርሃ ጅራ ግን እንዲህ ያለ ነገር ነው። ስለዚህም በዚህ አገር ወጪን መቀነስ የድህነት ማካካሻ ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ቀላልና ርካሽ ካልሆነ በሠራተኛው ኪስ ሊገባ ስለማይችል፥ ቍጠባው ራሱ የሥራው መሠረት ይሆናል።

የወጪውም ሒሳብ በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው የቀጂው ወጪ፥ ሁለተኛው የሰሚው ወጪ ነው። የቀጂውን ወጪ ሁሉም ያስበዋል። ለመቅጃ የሚያስፈልገው አንድ የእጅ ስልክና፥ ቢገኝ፥ በልብስ ላይ የምትሰካ አንዲት ትንሽ ማይክሮፎን ናት። መልካም ድምፅ የሚገኘው በመሣሪያው ዋጋ ሳይሆን በቦታው ጸጥታና በአፍና በማይክሮፎን መካከል ባለው ርቀት ነው፤ አንድ ስንዝር ያህል የራቀ እንደ ሆነ ይበቃል። የቆርቆሮ ጣራ በሙቀትና በዝናብ ይጮኻል፤ የወፍጮና የጄኔሬተር ድምፅም ንግግርን ያጠፋል። የጭቃ ግድግዳ ያለው ጠባብ ክፍል መርጦ፥ በመስኮቱና በግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቅሎ፥ በሰሊጥ ጆንያ መካከልም ቢሆን ተቀምጦ፥ ማለዳ ወፍጮው ሳይነሣ የቀዳ ሰው፥ ብዙ ገንዘብ ከወጣበት ባዶ አዳራሽ የተሻለ ድምፅ ያገኛል።

የተቀዳውን ለማረም ኦዳሲቲ የሚባል ያለ ዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ ይህም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2000 ጀምሮ በብዙ አገር ሲሠራበት የቈየ ነው። ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚረክሰው እርማት ከመቅዳት በፊት የሚደረገው ነው። ነገሩን አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ፥ ጥያቄዎቹን በተራ አሰናድቶ የሚቀመጥ ሰው ለ20 ደቂቃ ንግግር 25 ደቂቃ ይቀዳል። ሳይዘጋጅ የሚቀመጥ ግን ሁለት ሰዓት ቀድቶ፥ ትርፉን ለመቍረጥ ሁለት ቀን ያጠፋል፤ ለሠራተኛም ጊዜው ገንዘቡ ነው።

ሁለተኛውን፥ የሰሚውን ወጪ፥ ብዙ ሰው አያስበውም። የመሥሪያ ቤት ኢንተርኔት ያለው ሹም አንድ ንግግር ከስልኩ ሲያወርድ ከኪሱ የሚወጣ ሳንቲም ስለሌለ፥ ሌላውም እንደርሱ ይመስለዋል። ነገር ግን ድምፅ ክብደት አለው። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ንግግር በሴኮንድ 128 ኪሎ ቢት ሆኖ ቢቀዳ 57.6 ሜጋ ባይት ይመዝናል፤ በ64 ኪሎ ቢት 28.8፥ በ32 ኪሎ ቢት ደግሞ 14.4 ሜጋ ባይት ብቻ ይሆናል። ለሙዚቃ ከፍ ያለው ያስፈልጋል፤ ለሰው ንግግር ግን በሞኖ የተቀዳ 64 ኪሎ ቢት ያማረ ነው፥ 32ም ቃሉን አያጠፋውም። ያው ንግግር በተንቀሳቃሽ ሥዕል ቢታደል ብዙ መቶ ሜጋ ባይት ይሆናል። ስለዚህ ካሜራው የተጨመረው ለክብር እንደ ሆነ፥ የክብሩን ዋጋ የሚከፍለው በቀን ሥራ የሚኖረው ሰሚ ነው። አዘጋጁ ምንም ያላወጣ መስሎት ሸክሙን ወደ ድኻው ትከሻ አሳልፏል።

ከዚህም የሚያንስ ወጪ ያለበት መንገድ አለ፤ ይኸውም በየገበያው ያሉ የስልክ ጠጋኞችና የሙዚቃ ቤቶች የሚያውቁት የሚሞሪ ካርድ ነው። ሠራተኛው ወደ ከተማ በወጣ ቀን በጥቂት ብር ዘፈንና መዝሙር በካርዱ ያስጭናል፤ ከዚያም በካምፑ ከባልንጀሮቹ ጋር በብሉቱዝ ይቀባበላል። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት የሚሆን ንግግር ለአንድ ዓመት ሙሉ ቢዘጋጅ 26 ሰዓት ይሆናል፤ በ32 ኪሎ ቢት ሲቀመጥም ሁሉም ተደምሮ ከ400 ሜጋ ባይት በታች ነው። በጣም ትንሽ በሆነች ካርድ የዓመቱ ትምህርት ገብቶ ለዘፈኑም ብዙ ቦታ ይተርፋል። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ከካርድ ጫኞቹ ጋር ተስማምቶ፥ ካርድ ለሚያስጭን ሰው ሁሉ ይህን በነጻ እንዲጨምሩለት ቢያደርግ፥ ማሠራጫ ጣቢያ ሳያቆም ማሠራጫ አገኘ ማለት ነው። በቴሌግራምም ያለ ዋጋ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቈየ ጊዜ እንደ ታየው፥ በአንድ መንገድ ብቻ የታመነ ሰው መንገዱ ሲዘጋ ዝም ይላል። ካርዱ ግን ኔትዎርክ በሌለበትም ይናገራል፤ ባለቤቱ ወደ ጎጃም ሲመለስም አብሮት ይሻገራል።

ሌላም በገንዘብ የማይቈጠር የሚመስል፥ ግን ከሁሉ የሚከብድ ወጪ አለ፤ እርሱም የሰሚው ትዕግሥት ነው። በመሥሪያ ቤት የተለመደው ልማድ ንግግርን በሹማምንት ስምና ማዕረግ ዝርዝር፥ በምስጋናና በመክፈቻ ቃል መጀመር ነው። በ20 ደቂቃ ንግግር ውስጥ 6 ደቂቃ በዚህ ካለቀ፥ ከወጪው ወደ ሲሶ የሚጠጋው ሰሚውን ለማይጠቅም ነገር ወጣ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ደክሞት ከማሳ የመጣ ሰው ምክሩ ከመድረሱ አስቀድሞ ይዘጋዋል። ይልቁንስ የመጀመሪያው ቃል፤ ‹ወንድሞቼ፥ ከቆላ ሥራ ተመልሳችሁ ሁለት ሳምንት የቈየ ትኵሳት ቢይዛችሁ፥ ለሐኪሙ ከአርማጭሆ መምጣታችሁን ንገሩት› የሚል ቢሆን፥ ከዚያ በኋላ ባይሰማ እንኳ ዋናውን ይዞ ይሄዳል። የሹሙ ክብር በመጨረሻው ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢነገር አይጐድልበትም።

ነገር ግን ወጪን መቀነስ ሁልጊዜ መልካም ነው ማለት ስሕተት ነው። ሊቀነስ የማይገባው ነገር ሦስት ነው። አንደኛ፥ የቃሉ እውነት ነው። ስለ ሕመምና ስለ መድኀኒት የሚነገር ቃል በሚያውቅ ሐኪም ሳይታይ መውጣት የለበትም፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፥ በካርድ ተባዝቶ የሄደ ስሕተት ተመልሶ አይሰበሰብም። ስሕተት የተገኘ እንደ ሆነም በሚቀጥለው ክፍል መጀመሪያ ላይ በግልጥ ማረም ይገባል። ሁለተኛ፥ የሕሙማን ክብር ነው። ታሞ የዳነ ሰው ራሱ ቢናገር ከብዙ ምክር ይልቅ ይሰማል፤ ሆኖም ፈቃዱ ሳይጠየቅ፥ ስሙና መንደሩ እንዲሠወር ቢወድም ሳይሠወርለት ሊቀዳ አይገባም። ሦስተኛ፥ የሠራተኛው ድካም ነው። ሥራውን ሁሉ በአንድ ወጣት መምህር ወይም ነርስ ላይ ጥሎ፥ ያለ አበልና ያለ ምስጋና ይሥራ ማለት ወጪን መቀነስ ሳይሆን ወጪን በሰው ላይ መደበቅ ነው። እርሱም ወደ ሌላ አገር የተዛወረ ቀን ሥራው ይሞታል። ጥቂትም ቢሆን የታወቀ አበል መመደብና ከመጀመሪያው ሁለት ሰው አስተምሮ ማቆየት ውድ መሣሪያ ከመግዛት ይቀድማል።

ይህም በሐሳብ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም፤ በኢትዮጵያ የተሠራበት ምሳሌ አለው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ራዲዮ ‹የቀን ቅኝት› የሚባል ተከታታይ ድራማ በ257 ክፍል ተሰምቷል፤ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ የሚያስተምር ነበር። ያን ያህል ሕዝብ ወደ ራዲዮው ያቀረበው የድምፁ ጌጥ ሳይሆን፥ አስቀድሞ የሕዝቡ ኑሮ ተጠንቶ ታሪኩ በጥንቃቄ መጻፉና በቀኑ ሳያቋርጥ መምጣቱ ነው። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ8028 ቍጥር የስልክ አገልግሎት ከፈተ፤ ገበሬው ደውሎ ስለ ዘር፥ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ የተቀዳ ምክር በቋንቋው ይሰማል፥ ሒሳቡንም ደዋዩ አይከፍልም። ብዙ ሚሊዮን ሰው ደወለ። ከእነዚህ ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ገንዘቡን ለጽሑፉ ሰጠ፥ ሁለተኛው የሰሚውን ወጪ ራሱ ተሸከመ፤ ሁለቱም በዚህ ምክንያት ሰፉ።

እንግዲህ በጥቂት ወጪ የተጀመረ ነገር እንዴት ያድጋል የሚል ጥያቄ ቢነሣ፥ መልሱ በሥራው ወራት ተመርቶ ነው። በሰኔና በሐምሌ ሠራተኛው ሲወርድ ስለ አጐበርና ስለ መኝታ ቦታ፥ በነሐሴ በአረሙ ወራት ስለ ወባና ስለ ንጹሕ ውሃ፥ በጥቅምትና በኅዳር ስለ ሒሳብ አያያዝ፥ ስለ ሥራ ውልና ስለ ሰሊጥ ዋጋ፥ በታኅሣሥ ሲመለስ ስለ ተሰወረው ትኵሳት ቢነገር፥ ሰሚው የሚፈልገውን በሚፈልግበት ሰዓት ያገኛል። ቀኑ አንድ ይሁን፤ ለምሳሌ በአብርሃ ጅራ ገበያ ዋዜማ የሚወጣ ከሆነ ካርድ ጫኙ በገበያው ቀን አዲሱን ይዞ ይጠብቃል። ክፍሎቹ ቍጥርና አጭር ስም ይኑራቸው፤ የቈየውም ከአዲሱ ጋር አብሮ ይጫን።

ሰሚውንም ተናጋሪ ማድረግ ይገባል። በካምፑ ያሉት ሠራተኞች ጥያቄያቸውን በስልክ ቀድተው ቢልኩ፥ ወይም ቀጂው ራሱ ወርዶ ቢጠይቃቸው፥ በሚቀጥለው ሳምንት መልሱን በሐኪሙ አንደበት ይሰማሉ። ድምፁን የሰማ ሰው ለአሥር ወዳጁ ያሰማል፤ ይህም ከማናቸውም ማስታወቂያ የሚበልጥ ማስታወቂያ ነው፥ ዋጋም የለውም። በዓመት ዓመት በቆላው የሚቈዩትን፥ በአገሩ አነጋገር ሳሉግ የሚባሉትን፥ ልምዳቸውን ቢናገሩ አዲስ መጪው ይጠነቀቃል። በሌላ ቋንቋ ለሚናገሩትም ዋናው ምክር በየቋንቋቸው በአጭር ቢቀዳ፥ ተጨማሪ ወጪው የአንድ ማለዳ ሥራ ብቻ ነው።

ካህናትም በዚህ ሥራ ብዙ ድርሻ አላቸው። ሠራተኛው ወደ ቆላ ከመውረዱ አስቀድሞ በአጥቢያው ይሳለማል፥ ንስሓ አባቱንም ይሰናበታል፤ ሲመለስም መጀመሪያ የሚታየው በዚያው ደጅ ነው። በጎጃም ወይም በደቡብ ጎንደር ያለ ንስሓ አባት የንስሓ ልጁ በትኵሳት መክሳቱን ሲያይ፥ ‹ልጄ፥ ቆላ ወርደህ ነበርን? ይህን ለሐኪሙ ነግረኸዋልን?› ብሎ ቢጠይቀው፥ ከአብርሃ ጅራ የተላከው ቃል መድረሻውን አገኘ። ጸበል የሚጠመቀውም ሕመምተኛ ሐኪም ቤት መሄድ እንዳይከለከል በካህን አንደበት ቢነገር፥ በነርስ ቢነገር ከሚያገኘው ይልቅ መታመንን ያገኛል። ለዚህም ካህኑ የዕውቀት ክፍሉን ለሐኪሙ ትቶ፥ ሐኪሙም የመታመኑን ክፍል ለካህኑ አክብሮ ሊተባበሩ ይገባቸዋል።

ስለ ገንዘቡ መገኛ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰሊጥ አምራቾች፥ ዩኒየኖችና ባለ ሱቆች በየወሩ ጥቂት ብር ቢያዋጡ፥ ወይም በውጭ ያለ የአገሩ ተወላጅ ቢረዳ፥ ለአበልና ለካርድ ይበቃል፤ ከግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ስላለ ትንሹን መዋጮ መሰብሰብም ቀሏል። የገባውና የወጣው በየሦስት ወሩ በዚያው ፖድካስት ቢነገር አዋጪው ይታመናል። ነገር ግን ሁሉን በሽታ አድናለሁ ከሚል መድኀኒት ሻጭ ገንዘብ ተቀብሎ ማስታወቂያውን ማሰማት፥ በአንድ ቀን የተገኘ ብር የዓመቱን መታመን እንዲበላው ማድረግ ነው። እንዲሁም የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቍጥር 1238/2013 በበይነ መረብ የሚሠራጨውንም ሥራ ይመለከታልና፥ ጀማሪው ሕጉን አስቀድሞ መመርመር አለበት።

የሥራው ማደግ በምን ይታወቃል ቢባል፥ በስልክ ላይ በሚታየው የሰሚ ቍጥር ብቻ አይደለም። በካርድና በብሉቱዝ የሄደው ቃል በዚያ ቍጥር አይገባም። የሚሻለው መለኪያ በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ አንድ ጥያቄ መጨመር ነው፤ ሕመምተኛው ትኵሳቱ ከጀመረው ስንት ቀን እንደ ሆነና ለመምጣት ምን እንዳነሣሣው ይጠየቅ። ሕሙማን ከአንድ ወር በኋላ ይመጡ የነበሩት በሁለት ሳምንት ውስጥ መምጣት ከጀመሩ፥ ሥራው አድጓል። እንዲህ ያለ ፍሬ የታየ ጊዜ ያንኑ ቅጂ ለገንዳ ውኃ፥ ለመተማ ዮሐንስና ለቋራ መስጠት ይቻላል፤ ለአንድ ወረዳ የተደከመበት ቃል ያለ ሁለተኛ ወጪ ለአራት ወረዳ ይሆናል። የሠራተኛው አገር የሆኑት ወረዳዎችም ቢቀበሉት መንገዱ በሁለቱም ጫፍ ይበራል።

ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፥ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚያስፈልገው ሳያቋርጡ መቈየት ነው። አንድ ስልክ፥ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፥ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች፥ አንድ ቃሉን የሚያይ ሐኪምና አንድ የታወቀ ቀን በአብርሃ ጅራ የማይገኙ አይደሉም። የሚመለከታቸው ሹማምንት ለመጪው አጨዳ ማሰብ ያለባቸው አሁን ነው። በሰኔ ወር ወደ ቆላ የሚወርደው ሠራተኛ በጥር ወር በአገሩ በትኵሳት ሲተኛ፥ ከራስጌው ባለው ስልክ ውስጥ ያ ምክር መኖሩና አለመኖሩ የሚወሰነው ዛሬ በሚደረገው ትንሽ ዝግጅት ነውና።